ኢሲሲ ራም ለቤት ኮምፒውተር፦ ከራሙ በፊት ማዘርቦርዱን ምረጡ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ከማይክሮን ምርቶች ሁለት የኢሲሲ፣ ማለትም ስህተት አራሚ፣ ራሞች ገዝቻለሁ። እያንዳንዳቸው ባለ 32 ጊጋ፣ ዲዲአር5፣ ፍጥነታቸው 4800 ነው። ጥሩ ዕቃ ናቸው። ከተሰኩ ወዲህ አስታውሻቸው አላውቅም፤ ለራም ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ግን ስለ ራሞቹ ብቻ ጽፌ ባቆም ብዙ ሰው አሳስታለሁ። ስህተት አራሚ ራም ስትገዙ የምትገዙት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እርማቱ ነው። ሁለተኛው ወሬው ነው፤ “እዚህ ጋ ስህተት ነበር፣ አርሜዋለሁ” የሚለው መልእክት። እኔ የማስበልጠው ወሬውን ነው። ወሬውን የሚያደርሰው ደግሞ ራሙ አይደለም። ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) እና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተቀባብለው ነው የሚያደርሱት። ከመሀል አንዱ ከጎደለ ኢሲሲው ተራ ራም ሆኖ ይቀራል፤ ያውም ውድ ተራ ራም።

ለምን ፈለግኩት? ሥራዬ አሮጌ ፎቶና ኔጋቲቭ ስካን ማድረግና ማደስ ነው። አንድ ትልቅ ኔጋቲቭ በደንብ ስካን ተደርጎ ብዙ ሌየር ሲጨመርበት ፋይሉ ከአንድ ጊጋ ያልፋል። ያ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ከዲስክ ወደ ራም ይገባል፣ ይሠራበታል፣ ተመልሶ ይጻፋል። ኔጋቲቩ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ ይሄዳል። ፋይሉ ግን እንዳለ ይቆያል ተብሎ ነው የሚታመነው።

አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ቀን የድሮ ሥራ ስከፍት፣ ምስሉ ከወገቡ በላይ ደህና ነው። ከወገቡ በታች ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ዞሯል፣ መስመሩም ወደ ጎን ተንሸራቷል። ጄፔግ ፋይል ላይ አንድ ቢት ብቻ (0 ወይም 1 የምትይዝ የመረጃ ቅንጣት) ስትገለበጥ እንዲህ ልታደርግ ትችላለች፤ ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ ይከተላታል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዲስኩን ነበር። ዲስኩ ጤነኛ ነው። ቀጥዬ የአንድን ትልቅ ፋይል ቼክሰም፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላውን መለያ ቁጥር፣ ደጋግሜ አሰላሁ። ፋይሉ ያው ነው፣ ማንም አልነካውም፤ ውጤቱ ግን አንዳንዴ ይለያያል። ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ሳስኬደው ጉዱ ወጣ። ራሙ ላይ አንዲት ደካማ ቢት ነበረች። ሁልጊዜ ያው አድራሻ፣ ያችው ቢት። እኔን ያናደደኝ መበላሸቷ አይደለም፤ ዕቃ ይበላሻል። ያናደደኝ ዝምታው ነው። ኮምፒውተሩ አልተንጠለጠለም፣ ሰማያዊ ስክሪን አላሳየም፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። እየሠራ ያበላሽ ነበር።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለመምረጥም ይጠቅማል። የተለመደው ራም በ64 ቢት ጥቅል ይነበባል። እስከ ዲዲአር4 ድረስ ያለው ኢሲሲ ራም ለእያንዳንዱ 64 ቢት 8 ተጨማሪ ቢት ይይዛል፤ 72 ይሆናል ማለት ነው። ለምን 8? በ7 ቢት 128 የተለያዩ ቁጥሮች መጻፍ ይቻላል። ከ64ቱ የመረጃ ቢቶችና ከራሳቸው ከ7ቱ መካከል የተገለበጠችው የትኛዋ እንደሆነች በቁጥር ለመጠቆም ይህ ይበቃል። “ሁሉም ደህና ነው” ለማለትም ቦታ ይተርፋል። ስምንተኛዋ የምትጨመረው ሁለት ቢቶች አብረው ሲገለበጡ ለመለየት ነው። አንድ ቢት ከተበላሸች ትታረማለች። ሁለት ከተበላሹ ማረም አይቻልም፤ ግን ይታወቃል፣ ማሽኑም የተበላሸውን መረጃ እንደ ጤነኛ ይዞ ከመቀጠል መቆምን ይመርጣል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ዋስትና የለም።

ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሚሞሪ መቆጣጠሪያ ነው። ራሙ ለተጨማሪዎቹ ቢቶች ቦታ ብቻ ነው የሚሰጠው። ይህችን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።

ሐሳቡ የሪቻርድ ሃሚንግ ነው። ሰውዬው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ ይሠራ ነበር። የሱ ስሌቶች የሚሄዱት ቅዳሜና እሁድ፣ ማሽኑ አጠገብ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራው ኮምፒውተር ስህተት መፈጠሩን ያውቃል። ማረም ግን አይችልም። ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃሚንግ ሰኞ ሲመጣ ባዶ እጁን ይጠብቀዋል። ስህተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ የት እንዳለ ማወቅ ምን ይከለክለዋል ብሎ ተነሳ፤ መልሱን በ1950 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከንዴት የተወለደ ሒሳብ ስለሆነ ይሆን እኔ በጣም የምወደው?

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ለእያንዳንዱ 8 ቢት አንድ የመቆጣጠሪያ ቢት ነበረው። ማረም አይችልም፤ ግን ሲሳሳት ቀጥ ብሎ ቆሞ ይናገር ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ይህ ከቤት ኮምፒውተር ላይ ቀስ በቀስ ተነሳ። ያ ማሽን በትንሹ 16 ኪሎባይት ራም ይዞ ነበር የሚሸጠው። የኔው 64 ጊጋ ነው፤ ከ4 ሚሊዮን እጥፍ በላይ። ዕቃው ይህን ያህል ሲበዛ ጠባቂው ተቀነሰ።

“ግን እውነት ራም ይህን ያህል ይሳሳታል?” የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የጎግል ሰርቨሮች ጥናት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን ከሁለት ዓመት በላይ ተከታትሏል። በዓመት ውስጥ ከማሽኖቹ ሲሦ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የታረመ ስህተት አሳይተዋል። በነጠላ ራም ሲቆጠር 8 በመቶ ገደማ ነው። ለኔ ከቁጥሩ ይልቅ ጠቃሚው ሌላው ግኝት ነው። ስህተቱ በሁሉም ላይ እኩል አይበተንም። አንዴ የተሳሳተ ራም ደግሞ የመሳሳት ዕድሉ በጣም ከፍ ያለ ነው። ብዙው ችግር ከሰማይ ከሚመጣ ጨረር ይልቅ ከራሱ ከዕቃው ድካም የሚመጣ ይመስላል። ስለ ኮስሚክ ጨረር የሚወራው ውሸት አይደለም፤ ማራኪ ስለሆነ ግን ከድርሻው በላይ ይወራለታል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወሬው ከእርማቱ እኩል፣ እንደውም በላይ ይጠቅማል። የመጀመሪያዋን ስህተት ከሰማችሁ ራሙን በጊዜ ትቀይራላችሁ።

ከጨረር ጋር የተያያዘውን አንዱን ታሪክ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2003 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ምርጫ፣ ስካርቤክ በምትባል የብራስልስ ክፍል አንዲት ዕጩ 4096 ትርፍ ድምፅ ተቆጠረላት። ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለነበረ ነው የተነቃበት። 4096 ማለት 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ ማለትም የአንዲት ቢት ዋጋ። ፕሮግራሙ ሲመረመር ጥፋት አልተገኘበትም። ቢት በራሷ ጊዜ ተገልብጣ ይሆናል የሚለው ግምት ነው የቀረው። ቁጥሩ ትንሽ አነስ ብሎ፣ 16 ወይም 32 ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም የዚህ ነገር ቁስለኛ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ኢሲሲን ከተራው ገበያ ያራቀው የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ነው ብሎ በአደባባይ ተቆጥቶ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የራሱ ዋና ኮምፒውተር፣ ኢሲሲ ያልነበረው፣ ራሙ ተበላሽቶ ሥራውን አጓተተበት። ያን የሚያህል ሰው ከደረሰበት እኛማ።

አሁን ወደ ግዢው። የመጀመሪያው ወጥመድ ዲዲአር5 ራሱ ነው። ሁሉም ዲዲአር5 ቺፕ ውስጡ የራሱ የሆነ ትንሽ እርማት አለው። ሻጮች ይህችን ይዘው “ዲዲአር5 ሁሉ ኢሲሲ ነው” ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ያዘዝኩበት ሱቅ ገጹ ላይ በትልቁ ኢሲሲ ብሎ የጻፈበትን ዕቃ ላከልኝ። ስከፍተው ተራ ራም ነው። ስጠይቃቸው የቺፑን ውስጣዊ እርማት ማለታቸው ነበር። ለመመለስ የተደረገው ምልልስ አሰልቺ ነበር፤ ገንዘቤ ግን ተመልሷል።

ልዩነቱ ይህ ነው። የቺፑ ውስጣዊ እርማት ከቺፑ አጥር አያልፍም። ቺፖች እየደቀቁ ሲሄዱ የሚደክሙ ሴሎችን ለመሸፈን የተጨመረ ነው። ቺፑ ምን እንዳረመ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አያሳውቅም። መረጃው ከቺፑ ወጥቶ እስከ ፕሮሰሰሩ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ቢበላሽም አያገባውም። እውነተኛው ኢሲሲ መነሻውም መድረሻውም ፕሮሰሰሩ ስለሆነ መንገዱን ጭምር ይሸፍናል፤ ይናገራልም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በዓይን ለመለየት ቺፖቹን ቁጠሩ። ባለ 8 ቢት ቺፕ የሚጠቀም ተራ ራም በአንድ ረድፍ 8 ቺፕ አለው። ዲዲአር4 ኢሲሲ ከሆነ 9 ነው። ዲዲአር5 ግን ጥቅሉን ለሁለት ከፍሎ በ32 በ32 ቢት ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዱ ግማሽ የራሱ ተጨማሪ ቢቶች ይፈልጋል። ስለዚህ 10 ቺፕ ያለው አለ፣ በድምሩ 80 ቢት። 9 ቺፕ ያለውም አለ፣ 72 ቢት። የኔዎቹ ባለ ሁለት ረድፍ ናቸው፤ በአንድ ራም 20 ቺፕ። ማቀዝቀዣ ቆርቆሮ የለበሰ ከሆነ መቁጠር አይቻልም። ያን ጊዜ ስቲከሩን አንብቡ። ከፍጥነቱ ቁጥር በኋላ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ የእንግሊዝኛዋ “ኢ” ፊደል ካለች ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ኢሲሲ ነው። “ዩ” ከሆነ ተራ ነው። “አር” ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ ላይ ናችሁ።

“አር” የሰርቨር ራም ነው፤ ሬጂስተርድ ይባላል። ከሰርቨር የተነቀለ ያገለገለ ዲዲአር4 ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ረከስ ብሎ ይሸጣል፣ ኢሲሲ መሆኑም እውነት ነው። ቤታችሁ ያለው ስሎት ውስጥም ልክክ ብሎ ይገባል። ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ለቤት የተሠሩ ፕሮሰሰሮች አያውቁትም። ዲዲአር5 ላይ ይህ ስህተት ቀርቷል፤ የሁለቱ ራሞች ግርጌ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለተለያየ ጭራሽ አይገባም። በኃይልም አትሞክሩ። የሚፈልጉት ቮልቴጅ እንኳ አንድ አይደለም፤ የቤቱ ከማዘርቦርዱ 5 ቮልት ይወስዳል፣ የሰርቨሩ 12።

ከዚህ በኋላ ነው ርዕሱ የመጣው። ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ።

ከሁለቱ የፕሮሰሰር አምራቾች ኤኤምዲ ጋ ነገሩ ለቀቅ ያለ ነው። ተራዎቹ የራይዘን 7000ና 9000 ፕሮሰሰሮች ኢሲሲን ይደግፋሉ፤ ማዘርቦርዱ ከፈቀደ። ችግሩ ያለው “ከፈቀደ” የምትለዋ ላይ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ኢሲሲ ራም ተሰክቶለት እንደ ተራ ራም ያስኬደዋል። “ኢሲሲ ራም ይቀበላል” ማለትና “ኢሲሲን ያሠራል” ማለት አንድ አይደሉም፤ የዝርዝር መግለጫውን ዓረፍተ ነገር እንደ ውል አንብቡ። አስሮክና አሱስ በብዙ ማዘርቦርዶቻቸው ገጽ ላይ ኢሲሲን በስም ይጠቅሳሉ። ምንም የማይል ከሆነ እለፉት። አብሮ የተሠራ ጠንካራ ግራፊክስ ያላቸው፣ ስማቸው በ“ጂ” የሚያልቀው ራይዘኖች ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ5000ና የ8000 ትውልድ “ጂ”ዎች ኢሲሲ የሚሠራላቸው “ፕሮ” የሚል ስም ካላቸው ብቻ ነው።

ኢንቴል ጋ በሩ ጠባብ ነው፣ ግን ግልጽ ነው። ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ ብዙዎቹ ኮር አይ5፣ አይ7ና አይ9 ኢሲሲ ይችላሉ። ለማሠራት ግን ደብሊው680 የሚባል ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ። ያንኑ ፕሮሰሰር ዜድ690 ወይም ዜድ790 ላይ ብትሰኩት ኢሲሲ የለም። ለኮር አልትራ 200 ደግሞ ደብሊው880 ነው። እነዚህ ማዘርቦርዶች ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውም ለሥራ ቦታ እንደተሠራ ዕቃ ነው። ጥቅማቸው ሥራው በግልጽ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ መገመት አያስፈልግም። ላፕቶፕ ለምትፈልጉ ምርጫው በጣም አነስተኛ ስለሆነ ብዙም የምለው የለም።

እኔ ኤኤምዲን መረጥኩ። ራይዘን 9 7900 ላይ። ማዘርቦርዱን የመረጥኩት የራሙን ሞዴል ቁጥር የተፈተኑ ራሞች ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ነው። ይህ ዝርዝር አሰልቺ ነው፤ ግን ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ሲሰካ ምንም ልዩ ነገር የለውም። መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ረጅም ሰዓት ጥቁር ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ አታጥፉት። ዲዲአር5 ራሱ ልምምድ የሚያደርግበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ባዮስ ውስጥ ኢሲሲ የሚለው ምርጫ ጠለቅ ያለ ቦታ ነው የተደበቀው፤ ኤኤምዲ ሲቢኤስ በሚለው ማውጫ ውስጥ፣ የሚሞሪ መቆጣጠሪያው ሥር። “አውቶ” ላይ ነበር። አውቶ ምን እንደሚወስን ለመገመት ትዕግሥት ስለሌለኝ በግልጽ አበራሁት።

አሁን ማረጋገጥ። ሊነክስ ላይ ዲኤምአይዲኮድ የሚባለው ትእዛዝ የራሙን ጠቅላላ ስፋትና የመረጃ ስፋት ለየብቻ ያሳያል። ጠቅላላው ከመረጃው ከበለጠ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁለቱም 64 ከሆኑ ኢሲሲ የለም። ግን ይህ ባዮሱ የተናገረው ቃል ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ትክክለኛው ምስክር ኢዳክ የሚባለው የከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ክፍል ነው። እሱ ከተነሳ የታረሙና ያልታረሙ ስህተቶችን ለየብቻ ይቆጥራል። ራስዴሞን የሚባለውን ፕሮግራም ከጨመራችሁ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘግብላችኋል። ለአዲስ ፕሮሰሰር አዲስ ከርነል ያስፈልገዋል፤ አሮጌ ከሆነ ኢዳክ አያውቀውም። ዊንዶውስ ላይ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ዊያ ሎገር በሚለው ስም ፈልጉ።

ቆጣሪው ዜሮ ሲል ግን ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ስህተት የለም፣ ወይ ቆጣሪው አይሠራም። ይህን ሳልለይ ማደር አልፈለግኩም። ስለዚህ ራሙን ሆን ብዬ አስጨነቅኩት። ፍጥነቱን ከተጻፈለት በላይ ትንሽ በትንሽ እየጨመርኩ፣ በየደረጃው የራም ፈተና አስኬድኩ። እንዲህ ሲደረግ መጀመሪያ የሚንገዳገደው በራሙና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው መንገድ ነው፤ ኢሲሲ ደግሞ የሚያየው ያንን ነው። የሆነ ቦታ ላይ የታረሙ ስህተቶች ቆጣሪ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ፣ ከዚያ ጥቂት፣ ከዚያ በጅምላ። የራም ፈተናው ግን ምንም ስህተት አላየም፤ ከመድረሱ በፊት ታርሞ ነበርና። በሕይወቴ በስህተት መብዛት እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ፍጥነቱን ወደ 4800 መለስኩት፣ ቆጣሪው ጸጥ አለ። ልትሞክሩት ካሰባችሁ ዋና ዲስካችሁን ነቅላችሁ፣ ከፍላሽ በሚነሳ ሊነክስ አድርጉት። አንዳንዶች ራሙን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ይፈትናሉ። እኔ አላደርገውም።

ቅሬታዬ ፍጥነቱ ላይ ነው። ተራ ዲዲአር5 6000 መድረሱ የተለመደ ነው። የኔው 4800 ነው፣ የመዘግየት ቁጥሩም 40። እንደ ጨዋታ ራም አንድ ምርጫ በመጫን የሚፈጥንበት ዝግጁ ፕሮፋይል የለውም። 5600 የሚሄዱ ኢሲሲዎች አሉ፤ አሁን የሚገዛ ሰው እነሱን ቢፈልግ ይሻላል። በሥራዬ ላይ ልዩነቱን ፈልጌው ነበር። ፎቶ ስከፍትና ሳስቀምጥ አላገኘሁትም። ትልልቅ ፎልደሮችን አንድ ላይ ሳጨምቅ ትንሽ ይሰማኛል። ጨዋታ የሚጫወት ሰው በደንብ ይሰማዋል፤ እሱ ግን መጀመሪያውኑ ይህን ራም አይፈልገውም።

ዋጋውም ያበሳጫል። ከ8 ቺፕ ወደ 10 ማለት የአንድ አራተኛ ጭማሪ ነው። ሲሸጥ ግን ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል፤ ገዢው ጥቂት ስለሆነ። ሌላው፣ ራሞቹ ማቀዝቀዣ የላቸውም። ባዶ አረንጓዴ ሰሌዳ ናቸው። መልካቸው ግድ አይሰጠኝም፤ በ1.1 ቮልት ስለሚሠሩም ብዙ አይሞቁም። ዲዲአር5 ራም የራሱ የሙቀት መለኪያ ስላለው አይቼዋለሁ፤ በከባድ ሥራም አላሳሰበኝም።

“ዜድኤፍኤስ እጠቀማለሁ፣ ቼክሰም አለው፣ ኢሲሲ ምን ያደርግልኛል?” ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ አለ። ዜድኤፍኤስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅ ሥርዓት፣ ማለትም ፋይል ሲስተም ነው። ቼክሰም ዲስኩን ይጠብቃል። ቢቷ የተገለበጠችው ቼክሰሙ ከመሰላቱ በፊት ራም ውስጥ ከሆነ ግን፣ ቼክሰሙ ስህተቱን ነው አሽጎ የሚያስቀምጠው። ተቃራኒው ወሬም አለ፤ ዜድኤፍኤስን ያለ ኢሲሲ መጠቀም ዲስኩን ሙሉ ያጠፋል የሚል። እሱ ማስፈራራት ነው። ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ የሆነው ማቲው አህረንስ ራሱ፣ ዜድኤፍኤስ ከሌላ ፋይል ሲስተም ተለይቶ ኢሲሲን የግድ የሚልበት ምክንያት የለም ብሏል። ያለ ኢሲሲ ማንኛውም ፋይል ሲስተም እኩል ተጋላጭ ነው።

ኢሲሲ ሮውሃመር የሚባለውን፣ ራሙን ደጋግሞ በማንበብ ጎረቤት ቢቶችን የሚገለብጠውን ጥቃት ያስቆማል የሚሉም አሉ። ያከብደዋል እንጂ አያስቆመውም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኢሲሲ ያላቸው ማሽኖች ላይም ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። ለዚህ ብላችሁ አትግዙ።

ኮምፒውተራችሁ ለኢንተርኔት፣ ለፊልምና ለጨዋታ ከሆነ ገንዘባችሁን ለባክአፕ ዲስክ አውሉት። ፋይል ለዓመታት የምታስቀምጡ፣ ሒሳብ የምትሠሩ፣ ቀናት የሚፈጅ ስሌት የምታስኬዱ፣ ወይም ሌት ተቀን የማይጠፋ የቤት ሰርቨር ያላችሁ ከሆነ ግን ይጠቅማችኋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አዲስ ማሽን ልትገጥሙ ስትሉ አስቡበት። የማይደግፍ ማዘርቦርድ ይዞ ወደ ኢሲሲ መሻገር ማለት ግማሹን ኮምፒውተር እንደ አዲስ መግዛት ነው።

እኔ ከ64 ጊጋ በላይ ሲያስፈልገኝ ሁለቱን ባዶ ስሎቶች አልሞላቸውም። በዚህ ፕሮሰሰር አራት ባለ ሁለት ረድፍ ራም ሲሰካ ኤኤምዲ ዋስትና የሚሰጠው እስከ 3600 ፍጥነት ብቻ ነው። ሁለቱን አንስቼ ሁለት ባለ 48 እሰካለሁ። የሞዴል ቁጥራቸው ማዘርቦርዱ ዝርዝር ውስጥ እስኪገባ እየጠበቅኩ ነው።